ቡፌ ላይ ያለችው ትንሽ መኪና፦ የቆዩ የብረት መጫወቻ መኪኖችን የምርት ልዩነት እንዴት እንለይ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የቆየ ቤት ስትገቡ ቡፌው ላይ፣ ከስኒውና ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ፣ አንዳንዴ አንዲት ትንሽ የብረት መኪና ቆማ ታገኛላችሁ። ወይ የአሰብ መስመር ሾፌር የነበረ አባት ያመጣት ናት፣ ወይ ከውጭ የመጣ ዘመድ የሰጣት። አሁን አሁን የልጅ ልጅ ስልኩን ያወጣና ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋታል። ግራ መጋባቱ ያኔ ይጀምራል። አንዷ ቮልስ በብዙ ገንዘብ ስትሸጥ፣ ቁርጥ እሷን የምትመስል ሌላ ቮልስ በማኪያቶ ዋጋ ትሄዳለች። ለምን?

ነገሩ ያለው ፋብሪካው ውስጥ ነው። አንድ ሞዴል ለዓመታት ሲመረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። የቅርጽ ማውጫው ያረጃል፣ ይጠገናል። የጎማው ዓይነት ይቀየራል። ገበያው ሲቀዘቅዝ አዲስ ቀለም ይመጣል። አንዱ ቀለም ለአጭር ጊዜ ብቻ ተረጭቶ ይቀራል፣ ሌላው ለዓመታት ይቀጥላል። ሰብሳቢዎች ቫሪዬሽን ወይም የምርት ልዩነት የሚሉት ይህን ነው። የዋጋው ልዩነትም በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተል ግን ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው ከቀለም ይጀምራል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ለመለወጥ ከሚከብደው ነገር ጀምሩ፤ ለመለወጥ የሚቀለውን መጨረሻ ላይ እዩ። ብረቱን ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊለውጠው አይችልም። ቀለሙን ግን አንድ ጎረምሳ በአንድ ከሰዓት ይለውጠዋል። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው ቦዲው ቢያብረቀርቅም በሩን ከፍቶ ላስቲኩንና የብሎኑን ራስ ያያል አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ብረቱ

የእነዚህ መኪኖች ቦዲ የተሠራው ከዚንክ ቅይጥ ነው። አብዛኛው ዚንክ ሆኖ 4 ከመቶ ያህል አሉሚኒየም፣ ከዚያም ጥቂት መዳብና ማግኒዥየም ይገባበታል። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። የቀለጠው ቅይጥ በከፍተኛ ግፊት ከጠንካራ ብረት ወደተሠራ ቅርጽ ማውጫ ይገፋል። ወዲያው ይረጋል፣ ቅርጽ ማውጫው ይከፈታል፣ ቦዲው ይወድቃል። የበር እጀታና የፊት ፍርግርግ ሳይቀር ጥርት ብሎ የሚወጣው ቅይጡ ጥቃቅን መስመር ውስጥ ሁሉ ስለሚገባ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ማግኔት ነው። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ዚንክን ማግኔት አይስበውም። ቦዲው ከተሳበ መኪናዋ የቆርቆሮ ሥራ ናት፤ ያም የራሱ ሰብሳቢ አለው፣ ግን ሌላ ዓለም ነው። አክስሉ ቢሳብ አትደንግጡ፣ እሱ ዚንክ ሳይሆን ተራ ብረት ነው። ዲንኪ በተባሉት የእንግሊዝ መጫወቻ መኪኖች ሆድ ሥር ያለው ሳህንም ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ስለሆነ ይሳባል።

ቅርጽ ማውጫ በጣም ውድ ዕቃ ነው። እንከን ሲገኝበት አይጣልም፣ ይስተካከላል። ጣራው ደካማ ከሆነ ከውስጥ ማጠናከሪያ ይጨመራል። ቀጭን ክፍል እየተሰበረ ሲያስቸግር ይወፈራል። ብዙ ምርት ሲፈለግ ደግሞ ተመሳሳይ ቅርጽ ማውጫዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ በመካከላቸው የፀጉር ያህል ልዩነት አይጠፋም። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ዓይነቱን ልዩነት ነው። ማንም ሊያስመስለው አይችልምና። መኪናዋን ገልብጡና ወደ ውስጥ እዩ። ትንሽ ቁጥር ወይም ፊደል፣ ተጨማሪ መስመር፣ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ካለ ያዙት፣ ጻፉት።

ዚንክ የራሱ በሽታም አለው። ቅይጡ ሲዘጋጅ እርሳስ ከገባበት ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ መፈረካከስ ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ይታያል፣ ከዚያ ቦዲው ያብጣል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻ በእጅ ይፈርሳል። መድኃኒት የለውም። ሊቨርፑል የነበረው የሜካኖ ኩባንያ ዲንኪ የሚለውን ስም ማውጣት የጀመረው በ1934 ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት መኪኖቹ በዚህ በሽታ ይታወቃሉ። እንዲህ ያለች መኪና ካገኛችሁ ጠመዝማዛ መልኳ የተለየ ሞዴል እንዳይመስላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ አደራ። በኛ ቤት የደበዘዘ ናስ በሎሚና በአመድ ይታሻል። ይህን በእነዚህ መኪኖች ላይ ፈጽሞ እንዳትሞክሩት። አሲድ ዚንክን ይበላል፤ አመዱ ደግሞ ቀለሙን ይፍቃል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል።

ጎማውና አክስሉ

ማችቦክስን እንውሰድ፤ እንዲህ ካሉ ቆየት ያሉ ትንንሽ መኪኖች መካከል ብዙ የተጻፈለት እሱ ነው። ሌዝኒ የሚባለው ኩባንያ በ1947 ለንደን ውስጥ ተቋቋመ። ሌዝሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የተባሉ፣ ስማቸው እንጂ ዘራቸው የማይገናኝ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው የጀመሩት፤ የኩባንያውም ስም ከሁለቱ ስም ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። ጃክ ኦዴል የተባለው መሐንዲሳቸው ሴት ልጅ ነበረችው። ትምህርት ቤቷ ልጆች የክብሪት ቀፎ ውስጥ የሚገባ መጫወቻ ብቻ እንዲያመጡ ይፈቅድ ነበርና አባት ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት። በ1953 የወጣው ማችቦክስ ከዚያ የተወለደ ነው። ስሙም የክብሪት ቀፎ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጎማቸው ብረት ነው። ወደ 1950ዎቹ መጨረሻ ግራጫ ፕላስቲክ መጣ። በ1960ዎቹ ጥቁር ፕላስቲክ ነገሠ። በመሐል ብርማ ጎማ የተገጠመላቸውም አሉ። አንድ ሞዴል በዚህ ሽግግር መሐል ከወደቀ በሁለትና በሦስት ዓይነት ጎማ ይገኛል። አንዳንድ ሰብሳቢማ የጎማውን ጥርስ እስከ መቁጠር ይደርሳል፤ 24፣ 36፣ 45 ጥርስ ያላቸው አሉ። ለጀማሪ ይህ ይቆይ። ቀለሙንና ዓይነቱን መለየት በቂ ነው።

ከጎማው ይበልጥ የሚናገረው አክስሉ ነው። የቀደሙት ላይ የአክስሉ ጫፍ ተጨፍልቆ ጠፍጠፍ ብሏል። የኋለኞቹ ላይ እንደ ምስማር ራስ ክብ ሆኗል። ለውጡ የመጣው በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው አክስል ላይ ጥቁር የ1960ዎቹ ጎማ ካያችሁ ቆም በሉ፤ አንድ ሰው ነካክቶት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ 1968 መጣ። አሜሪካኑ ማቴል ሆት ዊልስን አወጣ። አስራ ስድስት ሞዴል፣ የሚያንጸባርቅ ቀለም፣ ጎማቸው ላይ ቀይ ክብ መስመር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጭን አክስል። ሲገፏቸው ይበራሉ። የማችቦክስ ጎማ ከእነሱ ጋር ሲተያይ የቆመ ይመስል ነበር። ሌዝኒ ተጣድፎ በ1969 ሱፐርፋስት ያለውን ቀጭን አክስልና ፈጣን ጎማ ይዞ መጣ። አዲስ ቦዲ ለሁሉም ለመሥራት ግን ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ የድሮው ቦዲ በአዲሱ ጎማ ወጣ። እነዚህ የሽግግር መኪኖች ናቸው። የተሠሩት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ሰብሳቢው ዛሬ በፋኖስ ይፈልጋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የሱፐርፋስት ጎማዎች ጠበብ ያሉ ነበሩ፤ በኋላ ሰፉ። ይህንንም እዩ።

ሆት ዊልስ ላይ ቀዩ መስመር ከ1968 እስከ 1977 ነው የቆየው። ቀይ መስመር ካለ ከዚያ ዘመን ናት ማለት ይቻላል፤ ግን ማቴል ራሱ በኋላ ለመታሰቢያ ቀይ መስመር ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ስላወጣ ሆዷ ሥር ያለውን ሳታነቡ አትደምድሙ።

ከሆዷ ሥር የተጻፈው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋን ይገለብጥና «1969» የሚል ያያል። «የ1969 መኪና ናት!» ይላል። ዓመቱ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ዲዛይኑ በሕግ የተመዘገበበትን ጊዜ እንጂ መኪናዋ የተመረተችበትን አይደለም። በተለይ ሆት ዊልስ ላይ አንድ ሞዴል ለአሥርና ለሃያ ዓመት ሲመረት ያው ዓመት እንደተጻፈ ይቀጥላል። ስለዚህ ዓመቱ የሚነግራችሁ «ከዚህ በፊት አልተሠራችም» የሚለውን ብቻ ነው።

ከዓመቱ ይልቅ የአገሩ ስም ይጠቅማል። ማችቦክስ ላይ «ሌዝኒ» እና «እንግሊዝ» የሚሉ ቃላት በእንግሊዝኛ ተቀርጸው ካያችሁ ከኩባንያው ክስረት በፊት የነበረ ሥራ መሆኑ በጣም ያመዝናል። ሌዝኒ በ1982 ከሠረ። ዩኒቨርሳል የተባለ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ገዛው፣ ምርቱም ወደ ማካው ሄደ። በኋላ ቻይናና ታይላንድ የሚል ይመጣል። በ1992 ታይኮ ወሰደው፤ በ1997 ደግሞ የጥንት ተቀናቃኙ ማቴል። አንድ ቅርጽ ማውጫ ከእንግሊዝ ወደ ማካው ተጓጉዞ ያችኑ መኪና ሲያወጣ ቦዲው ያው ነው፣ የሆዷ ጽሑፍ ግን ተፍቆ ሌላ ተቀርጾበታል። የተፋቀው ቦታ አንዳንዴ ትንሽ እብጠት ሆኖ ይታያል። የቀድሞዎቹ ሆት ዊልሶችም ከአሜሪካና ከሆንግ ኮንግ ነው የመጡት፤ ያው ሞዴል ከሁለቱ ቦታ ሲመጣ በመስኮትና በውስጥ ዕቃ ይለያያል።

ጽሑፉ ካልታያችሁ ስልካችሁን አውጡ። ካሜራውን አጉሉና ሌላ ሰው ባትሪውን ከጎን እንዲያበራ አድርጉ። ከላይ የበራ ብርሃን ፊደሉን ያጠፋዋል፤ ከጎን የመጣ ብርሃን ጥላ ሰጥቶ ያወጣዋል።

አንዲት ላንድሮቨር በቅርብ

ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ በአንዲት መኪና ላሳያችሁ። ሸዋ በር አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ የማችቦክስ ላንድሮቨር ሳፋሪ አሳየኝ። ማችቦክስ ለሞዴሏ የሰጠው ቁጥር 12 ነው፤ ፖርቶባጋሊዮዋ ላይ ሻንጣ የተጫነባት። ቀለሟ ወርቃማ። ይህች ሞዴል በ1965 ስትወጣ አረንጓዴ ነበረች። በኋላ ሰማያዊ ሆነች። ሱፐርፋስት ጎማ ሲመጣ ጥቂት በሰማያዊ ከወጡ በኋላ ወርቃማ ሆነች። ወርቃማዋ የምትታወቀው እንግዲህ በቀጭኑ አክስልና በፈጣኑ ጎማ ነው። የወዳጄ መኪና ግን ወፍራም አክስልና ተራ ጥቁር ጎማ ነው ያላት።

ቀለሙና ጎማው ተጣሉ። በእኔ ቅደም ተከተል መሠረት የማምነው ጎማውን ነው። ግን ጎማም ሊቀየር ይችላልና ወደ ሆዷ ሄድን። መኪናዋ ስትገጣጠም ከቦዲው የወጣ ዘንግ በሳህኑ ቀዳዳ አልፎ ጫፉ ተደፍጥጦ ይያያዛል። ይህ የሚሆነው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ስለሆነ ያ ጫፍ እርቃኑን፣ ያለ ቀለም መታየት አለበት። ተሰርስሮ ከነበረ ደግሞ ቀዳዳ ወይም ብሎን ታያላችሁ። የዚህችኛዋ ጫፍ ያልተነካ ነው። ማንም አልከፈታትም ማለት ነው። ጎማውም የራሷ ነው።

ታዲያ ቀለሙ? ሳትፈታ ተቀብታለች ማለት ነው። ሳትፈታ የተቀባች መኪና ደግሞ ምልክት ትተዋለች። ጎማው ጠርዝ ላይ የወርቃማ ቀለም ጠብታ አለ። መስኮቱ ዳር ቀለሙ ወደ ፕላስቲኩ ፈሷል። ሳህኑና ቦዲው በሚገናኙበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ ብሩሽ ያልደረሰበት ቦታ፣ አረንጓዴ ይታያል። የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ላንድሮቨር ናት፤ ላይዋ ላይ ሌላ ሰው ወርቅ ቀብቶባታል። ወዳጄ ትንሽ ከፋው። እኔ ግን የምነግረው ለሌላም ለማንም የምለውን ነው፦ ቀለሙን እንዳትፍቀው። እንዳለች ትቀመጥ።

ተለጣፊ፣ መስኮት፣ ሻንጣ

ትንንሾቹን ነገሮች በተመለከተ ሁለት ሦስት ምሳሌ ይበቃል። የማችቦክስ ቁጥር 15 ቮልስ በ1968 ወጣች። ክሬም ቀለም ነው፤ በሩ ላይ 137 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ በሁለት ዓይነት መንገድ ይገኛል። አንደኛው በውሃ ተርሶ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው፤ በጥፍር ብትዳብሱት ጠርዙ አይታወቅም። ሁለተኛው ሙጫ ያለው ወረቀት ነው፤ ጠርዙ ይታወቃል፣ ሲያረጅም ይነሳል። በ1970ዎቹ ደግሞ ቀለሙን በለስላሳ የጎማ ማህተም ቦዲው ላይ የማተም ዘዴ መጣ። ሆት ዊልስ በ1974 ነው በስፋት የጀመረው። ስለዚህ የ1960ዎቹ የተባለች መኪና ላይ የታተመ ሥዕል ካለ ጥያቄ አለ ማለት ነው። ቮልሷ በሱፐርፋስት ጎማ ስትመጣ ክሬሙ ቀጥሎ በኋላ የሚያብረቀርቅ ቀይ ሆነች።

ቁጥር 56 የሆነችው ፊያት 1500 ደግሞ ከነሻንጣዋ በባሕር አረንጓዴ ነው የምትታወቀው። ቀይዋ የመጣችው በስጦታ ስብስብ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ እንደ አረንጓዴዋ በየቦታው አትገኝም። ቁጥር 5 የለንደን አውቶቡስ ላይ ልዩነቱ ማስታወቂያው ነው፤ ያው ቀይ አውቶቡስ የሞተር ዘይት ማስታወቂያ ሲለጠፍበት በብዛት ይገኛል፣ ፒርድራክስ የተባለው መጠጥ ማስታወቂያ ሲሆን ግን ብርቅ ነው። ቁጥር 25 ቮልስ ላይ ደግሞ መስኮቱ ጥርት ያለ ወይም አረንጓዴ ቀለም የነካው ሊሆን ይችላል።

ሳጥኗ ካለች መታደል ነው። የ1950ዎቹ ሳጥኖች ላይ «ሞኮ» የሚል ስም አለ፤ የሌዝኒ አከፋፋይ ነበር። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕልና ቁጥር ከመኪናዋ ጋር መስማማት አለበት። ልጆች ያገኙት ሳጥን ውስጥ ያገኙትን መኪና ስለሚከቱ፣ ያልተስማማ ሳጥን የተለመደ ነው።

ቀለም፣ በመጨረሻ

አሁን ወደ ቀለሙ መምጣት ይቻላል። እዚህ የኛ አካባቢ አየር ራሱ ጣልቃ ይገባል። ኮምቦልቻ ፀሐይዋ ታውቃላችሁ። መስኮት ዳር ለዓመታት የቆመች ቀይ መኪና ወደ ብርቱካን ትሄዳለች፣ ሰማያዊዋ ትገረጣለች። «ያልተለመደ ቀለም» ተብሎ ኢንተርኔት ላይ ከሚለጠፈው ብዙው የፀሐይ ሥራ ነው። መለያው ቀላል ነው። ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ፣ ሳህኑ ጠርዝ ሥርና ቦዲው ውስጥ፣ ተመልከቱ። እዚያ የተለየ ቀለም ካለ የደበዘዘ ነው። ውስጡም ውጩም አንድ ከሆነ ከፋብሪካ የወጣ የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ ደግሞ ችግሩ ጉሙና እርጥበቱ ነው። አክስሉ ይዝጋል፣ ሳጥኑ ይሻግታል። ክረምቱን በላስቲክ ከረጢት አፍኖ ማስቀመጥ እርጥበቱን ማቆር ነው፤ ደረቅና ጨለማ ቁምሳጥን ይሻላል።

ከፋብሪካ የመጣ ስህተትም አለ። አንድ ጎማ የተለየ፣ አንዱ በር ቁጥር የሌለው፣ መስኮት ያልተገጠመላት። ይህ ከምርት ልዩነት ይለያል። ልዩነት ሲባል ፋብሪካው አውቆ ወይም ዕቃ አልቆበት በብዛት ያወጣው ነው፤ ስህተት ግን አንዲት መኪና ላይ ብቻ የደረሰ ነው። ለገበያ ያልወጣ የሙከራ ናሙና ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። በ1969 ሆት ዊልስ ከኋላ መስኮቷ የውሃ ላይ መንሸራተቻ ሰሌዳ ያወጣች የቮልስዋገን አውቶቡስ ሠርቶ ነበር። ቀጭን ስለነበረች መኪኖቹን በመጫወቻ መንገዳቸው ላይ በሚገፋው ማሽን ውስጥ በትክክል አላለፈችም። ጎኗን አስፍተው ሰሌዳውን ወደ ጎን አዛወሩትና ያቺ ገበያ ወጣች። የቀሩት ጥቂት የመጀመሪያ ናሙናዎች ዛሬ በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት መካከል ናቸው።

ሰብሳቢዎች ሌላም መለያ አላቸው። ኮድ 1 የሚሉት ከፋብሪካ እንዳለች የወጣችውን ነው። ኮድ 2 ሌላ ሰው በፋብሪካው ፈቃድ ያሻሻላት ናት። ኮድ 3 ያለ ፈቃድ የተለወጠች ናት። የወዳጄ ወርቃማ ላንድሮቨር ከሦስተኛዎቹ ተርታ ነች። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ኮድ 3ን ኮድ 1 ብሎ መሸጥ ነው።

ልትሸጡ ወይም ልትጠይቁ ከሆነ ፎቶ አነሳሱ ብዙውን ሥራ ይሠራል። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ከላይ አንድ አንድ አንሱ። ሆዷን ደግሞ ጽሑፉ እስኪነበብ ድረስ በቅርብ። አክስሉ ጫፍ ብቻውን አንድ፣ የተደፈጠጠው የሳህኑ ማያያዣ ጫፍ አንድ። የቀን ብርሃን ይሁን፣ ፊልተር አይነካው። ጎኗ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ ርዝመቷ በሚሊሜትር ይታይ። ጉዳት ካለ እሱንም ለብቻው አንሱ። ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ደግሞ ሌሎች «እንሸጣለን» ብለው የጻፉትን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ እዩ፤ በትልልቆቹ የጨረታ ድረ-ገጾች ላይ የተሸጡትን ለይቶ ማየት ይቻላል።